ምጣዱ የት ይቀመጥ? ለሁሉም የቤተሰብ አባል የሚመች ማዕድ ቤት፦ ጥያቄና መልስ

በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ፣ ለዓይነ ስውራን፣ ጉልበታቸው ለደከመ አረጋውያንና ለቀረውም ቤተሰብ እኩል የሚያገለግል ማዕድ ቤት ስለ ማሠራት የተላኩልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። ሥራዬ የመኖሪያ ቤት ንድፍ ነው። የማቀርባቸው መጠኖች በአብዛኛው በአሜሪካ የተደራሽነት መለኪያ ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ ስለ ምጣድና ስለ ሊጥ የምለው ግን ከሥራ ያገኘሁት ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ስትሮክ ከመታት ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ነው፤ ወንበሩ ግን ማዕድ ቤት አይገባም። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከበሩ ይጀምሩ። ለካቢኔት ገንዘብ ከመመደብዎ በፊት ሜትር ይያዙና በሩ ተከፍቶ ሳለ የሚተርፈውን ክፍተት ይለኩ፤ 80 ሳ.ሜ. ተብሎ የተገጠመ በር የመቃኑና የራሱ የበሩ ውፍረት ሲቀነስ የሚተወው መተላለፊያ ከተባለው ያነሰ ነው፤ መለኪያው ደግሞ ቢያንስ 81.5 ሳ.ሜ. ክፍት ቦታ ይጠይቃል። በሩን ነቅሎ መጋረጃ መስቀል ወይም ተንሸራታች በር መግጠም ብዙ ጊዜ ግድግዳ ከማፍረስ ያድናል። ደፍ ካለም ይነሳ፤ የወንበሩን የፊት ትንንሽ ጎማዎች ለመገተር ሁለት ሳ.ሜ. ይበቃል።

ወንበር ሙሉ ክብ ለመዞር 1.52 ሜትር ስፋት ይፈልጋል፤ ይህን ደግሞ የኮንዶሚኒየም ማዕድ ቤት አይሰጥዎትም። ስለዚህ እናትዎ ወደ ፊት ነድተው ገብተው፣ ሳይዞሩ ወደ ኋላ እንዲወጡ ማቀድና በዋናው የሥራ ቦታ ፊት 76 በ122 ሳ.ሜ. ባዶ ወለል መተው ይሻላል። የሽንኩርት መክተፉን፣ የምስር መልቀሙንና የመሳሰለውን ሥራ ወደ ሳሎን ጠረጴዛ ማውጣትም ያዋጣል፤ ማዕድ ቤት የግድ አንድ ክፍል ውስጥ ማለቅ አለበት ያለ የለም።

ጥያቄ፦ አናጢው «ካውንተር 90 ሳ.ሜ. ነው፤ ሌላ ልክ አላውቅም» ይለኛል። ለተቀመጠ ሰው ስንት መሆን አለበት?

መልስ፦ 90 ሳ.ሜ. ለቆመ ሰው የተሰጠ ልክ ነው። መለኪያው ተደራሽ ለሆነ የሥራ ገጽ የሚፈቅደው ከፍታ 86 ሳ.ሜ. ቢሆንም፣ ተቀምጦ ሊጥ ለሚያቦካ ሰው ይህም ከፍ ይላል፤ እኔ ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 80 ባለው ውስጥ ነው የምሠራው። ከሥሩ ጉልበት የሚገባበት፣ ቁመቱ 68.5፣ ስፋቱ 76 ሳ.ሜ. የሆነ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ከመጽሐፍ የሚሻለው ግን ሰውየውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ክርኑን እንዲያጥፍ ማድረግና ከወለል እስከ ክርኑ ያለውን መለካት ነው፤ የሥራው ገጽ ከክርኑ ጥቂት ዝቅ ይበል። በዚያው ቤት ቆሞ የሚሠራ ሰው ካለ፣ አንዱን ክፍል ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ አድርጎ ማሠራት ከመሃል አንድ ልክ ይዞ ሁለቱንም ከማስቸገር ይሻላል።

እግረ መንገዴን ልበልና፣ ተቀምጦ ማብሰል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቶቻችን ዱካ ላይ ተቀምጠው ነው ወጥ የሠሩት። ሰው በማዕድ ቤቱ ሁሉ ቆሞ እንዲሠራ ያስገደደው በኋላ የመጣው ካውንተር ነው።

ጥያቄ፦ ተቀምጦ እንጀራ መጋገር ይቻላል? የኤሌክትሪክ ምጣዱን የት እናስቀምጠው?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን የማዕድ ቤቱ ንድፍ ከምጣዱ መጀመር አለበት። ምጣዱ መጨረሻ ላይ በቀረ ጥግ ከተወሸቀ፣ የቀረው ሁሉ ቢያምርም ባለቤቲቱ እንጀራ ለማስጋገር ሰው ትጠብቃለች።

የምጣዱ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 60 ሳ.ሜ. ይጠጋል። ከፊት ለፊት ሆኖ የወዲያኛውን ጠርዝ ለመድረስ የሚፈለገው መዘርጋት መለኪያው ከሚፈቅደው የመጨረሻ ልክ፣ ከ63.5 ሳ.ሜ.፣ ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረውም፤ ያውም እጅ ሊጥ ይዞ፣ ከታች እየጋለ። በዚህ ላይ የጋለ ምጣድ ሥር ጉልበት ማስገባት አይመከርም። ስለዚህ ምጣዱን በጠረጴዛው ጫፍ፣ ሁለት ጎኑ ክፍት ሆኖ ያስቀምጡት፤ ጋጋሪዋ ወንበሯን በጎን አስጠግታ ግማሹን ከአንዱ፣ ግማሹን ከሌላው ጎን ትደርስበታለች። የምጣዱ አፍ ከወንበሩ የእጅ መደገፊያ እምብዛም አይብለጥ።

በጎኑ፣ በእኩል ከፍታ፣ ሰፌድ የሚያርፍበት ቦታ ይኑር፤ እንጀራው ተንሸራትቶ ይወጣል እንጂ ክንድ አያነሳውም። ሊጡ ከትልቁ ባልዲ በቀጥታ ከሚቀዳ ይልቅ፣ ሰፊ እጀታ ባለው ጆግ ተከፋፍሎ ይቅረብ።

ስለ ክዳኑ የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ለአንዲት ደንበኛ ከሁለት ቀን ሥራ በኋላ ምጣዱን 72 ሳ.ሜ. ላይ አስቀመጥኩላትና ደስ ብሎኝ ስጠብቅ፣ የመጀመሪያውን እንጀራ ስትከፍት እንፋሎቱ ፊቷን መታት። ክዳኑ የታጠፈው ከኋላ በመሆኑ የሚከፈተው ወደ እርሷ ነበር፤ የቆመ ሰው ፊቱ ከክዳኑ በላይ ስለሆነ አይጎዳም፣ የእርሷ ግን በክዳኑ ትክክል ነበር። ማጠፊያውን ወደ ጎን አዞርነውና እንፋሎቱ ወደ መስኮቱ መውጣት ጀመረ።

አንድ የቴክኒክ ነገር፦ እንዲህ ያለ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ማለት ነው። የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ማብሪያ ማጥፊያው ደግሞ ከምጣዱ ጀርባ ሳይሆን በጠረጴዛው ግንባር ይገጠም፤ በጋለ ነገር ላይ አሻግሮ መዘርጋት አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው፤ ብቻውን ማብሰል ይፈልጋል። ምን እንቀይር?

መልስ፦ ከምትቀይሩት ይልቅ የማትቀይሩት ይበልጣል። ቢላዋ፣ ጨው፣ ጭልፋ ቦታቸው አይለወጥ፤ ይህን ማክበር ያለበት እርሱ ሳይሆን የቀረው ቤተሰብ ነው። ክፍት የተተወ የላይ ካቢኔት በር ግንባር ይመታል፤ በተንሸራታች ይተካ ወይም በሩ ይነሳና መደርደሪያ ብቻ ይቅር። ምድጃው ላይ የማጥፊያውንና የመካከለኛውን ሙቀት ቦታ በሲሊኮን ጠብታ ምልክት ያድርጉለት። በርበሬና ሚጥሚጣ በመዓዛቸው ቢለዩም፣ ዕቃቸውን አንዱን ክብ፣ ሌላውን ማዕዘን ማድረግ ክዳን ሁሉ እየከፈቱ ከማሽተት ያድናል።

ጥያቄ፦ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ጀሪካን እንዴት ያነሳል?

መልስ፦ አያነሳም። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ጤነኛ ወገብም ይሰብራል። ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ከዕቃ ማጠቢያው ከፍ ባለ ጠንካራ መቆሚያ ላይ ይቀመጥና ውኃ በመጣ ጊዜ በጎማ ይሞላ። የቧንቧው እጀታ ተጠምዛዥ ሳይሆን በክርን የሚገፋ ረጅም እጀታ ይሁን፤ ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ለያዛቸው አያት፣ ሊጥ በእጁ ላለ ሰውም ያው ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ ለወላጆቼ አዲስ አበባ ቤት እያሠራሁ ነው። የማዕድ ቤት ዕቃውን ከዚህ ብልክ?

መልስ፦ ምድጃና ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃ አይላኩ፤ እዚያ ያለው 120 ቮልት፣ እዚህ ያለው 220 ነው። ካቢኔትም እዚህ በልክ ይሠራል። የሚጠቅመው የእርስዎ ሜትር ነው፦ በሚቀጥለው ጉብኝትዎ የሁለቱንም ወላጆችዎን የክርን ከፍታ ለክተው ለአናጢው በጽሑፍ ይስጡት።

ጥያቄ፦ ሕጉ ያስገድዳል?

መልስ፦ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ስለ አካል ጉዳተኞች መገልገያ የደነገገው ለሕዝብ አገልግሎት ስለሚውሉ ሕንፃዎች ነበር። የግል ማዕድ ቤትዎን የሚያዝዘው ባለቤቱ ነው።

ጥያቄ፦ እናታችን ቡና ማፍላት አትተውም፤ ረከቦቱ ግን መሬት ላይ ነው።

መልስ፦ ረከቦቱን ከፍታው 60 ሳ.ሜ. በሆነ ሰፊና የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉላቸው። የከሰል ምድጃው ግን ለብቻው፣ በቀኝ እጃቸው በኩል፣ የማይቃጠል ሴራሚክ ተነጥፎለት ይቀመጥ፤ ጭን ላይ ፍም እንዳይወድቅ ጠርዙ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ጀበናው እንዳይንገዳገድ ጎድጎድ ያለ ማቶት ይኑረው፤ ሲኒዎቹም በአንድ እጅ እንዲደረስባቸው ከጀበናው በስተግራ ይደርደሩ።