«ጭንቀት ነው» ሲባሉ «ምንም የለብዎትም» ማለት አይደለም

ለዚህ እትም ከጎንደር ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል። ጠያቂዎቹ ባይተዋወቁም ሕመማቸውን ወይም የቤተሰባቸውን ሕመም አንድ ሰው በሁለት ቃል ዘግቶባቸዋል፦ «ጭንቀት ነው» ወይም «ድንጋጤ ነው»።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ገበያ እህል ነጋዴ ነኝ፤ 41 ዓመቴ ነው። ከተበዳሪ ጋር በተጨቃጨቅሁ ቁጥር ጨጓራዬ ይነሳል። በደም ምርመራ የጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) አለብህ ተብዬ ሁለት ጊዜ መድኃኒቱን ጨረስሁ፤ አሁንም በደም ሲታይ «አልጠፋም» ይሉኛል። ጓደኞቼ ደግሞ «ብስጭት ነው፣ ተወው» ይላሉ። የማንን ልስማ?

መልስ፦ መጀመሪያ የደም ምርመራውን ይተዉት። እሱ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነትዎ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ይህ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ መድኃኒት ለጨረሰ ሰው «ድኛለሁ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ከመጀመርዎ በፊት የባክቴሪያውን ርዝራዥ በሰገራ ውስጥ የሚፈልገውን የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ይጠይቁ። አንቲባዮቲኩን ከጨረሱ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ካቆሙ ደግሞ 2 ሳምንት ሊሆንዎት ይገባል። ኦሜፕራዞል እየዋጡ ከተመረመሩ ባክቴሪያው ተደብቆ «የለም» ሊባሉ ይችላሉ።

ጓደኞችዎም ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የባክቴሪያውን ሚና እስኪያሳዩ ድረስ የጨጓራ ቁስል በአብዛኛው በጭንቀትና በምግብ ይመካኝ ነበር። እነሱ በ2005 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ፤ ጭንቀት ግን ከጨጓራ ጋር ያለው ጉዳይ በዚያ አላበቃም። የጨጓራ ግድግዳ የራሱ የነርቭ መረብ አለው፤ ከአንጎል ጋርም ቬገስ በሚባል ረጅም ነርቭ ይገናኛል። ተበዳሪው ፊት ቆመው ደምዎ ሲፈላ አንጎል ሰውነትን ለጠብ ያዘጋጃል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይዞራል፣ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም፣ ነርቮቹም ለሕመም ስስ ይሆናሉ። በሰላም ቀን የማይሰማዎት ያው አሲድ በጠብ ቀን እሳት ይሆናል። በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ቢታይ ቁስል ላይገኝ ይችላል። ሕመሙ ግን እውነተኛ ሕመም ነው።

እኛ ከጠቡ ይልቅ ከጠቡ በኋላ የሚሆነውን ይበልጥ እንጠረጥራለን። ምሳ ይዘለላል፣ በባዶ ሆድ አቦልና ቶና ይጠጣል፣ ራስ ምታቱን ለማስታገስ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ይገዛል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳሉ፤ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ይሻልዎታል። ለሁለት ሳምንት በደብተር ይመዝግቡ፦ ሕመሙ የተነሣበትን ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የበሉትንና የጠጡትን፣ የዋጡትን ክኒን፣ የተጣሉትን ሰው። ለሐኪምዎ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ኦሜፕራዞል ከታዘዘልዎ ደግሞ ከቁርስ 30 ደቂቃ ቀድመው ይዋጡት፤ መድኃኒቱ የሚዘጋው ምግብ ሲመጣ የሚነቁትን የአሲድ አመንጪዎች ስለሆነ ከበሉ በኋላ ሲዋጥ ኃይሉ ይቀንሳል።

ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ (የብረት ክኒንም ያጠቁራል፤ ከሌለ ግን ደም ነው ብለው ይጠርጥሩ)፣ ደም ካስመለሰዎት፣ ያለ ምክንያት ከከሱ ወይም ምግብ ሲውጡ ከተናነቀዎት ደብተሩን ትተው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። ፈተና ሲቃረብ ማታ ተኝቼ ሳለ ልቤ በድንገት ይደልቃል፣ አየር ያጥረኛል፣ ጣቶቼና ከንፈሬ ይደነዝዛሉ፤ የምሞት ይመስለኛል። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሥቼ «ምንም የለብሽም» ተባልሁ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከኩላሊቶችሽ አናት ላይ ከተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች። በሴኮንዶች ውስጥ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበዛል። አየር ያጠረሽ ይምሰልሽ እንጂ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ከሚያስፈልግሽ በላይ እየተነፈስሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደምሽ ይሟጠጣል። ሲሟጠጥ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል። ድንዛዜው ያስፈራሻል፣ ፍርሃቱ ትንፋሹን ያበዛዋል። እንዲህ ያለው ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል (ፓኒክ አታክ) አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ መውረድ ይጀምራል።

የዶርም ጓደኞችሽ በዚያ ሰዓት «በደንብ ተንፍሺ!» ይሉሽ ይሆናል። አትስሚያቸው፤ የሚያባብሰው እሱ ነው። ተነሥተሽ ተቀመጪ፣ አንድ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። እስከ 4 እየቆጠርሽ በአፍንጫ በዝግታ ሳቢ፣ ከዚያ የሚፋጅ ሻይ እንደምታቀዘቅዢ ከንፈርሽን አሹለሽ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል፤ 5 ደቂቃ ያህል ቀጥዪ። ደረትሽ ከፍ ዝቅ እያለ እጅሽ ያለበት ሆድ ካልተነሣ አየሩን እየጎተትሽው ነውና ቀንሺው። ላስቲክ ወይም ወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ አደገኛ ነው፣ ተዪው። ይህን ልምምድ ደህና በሆንሽበት ቀን ጠዋትና ማታ ሥሪው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በጭንቁ ሌሊት የሚሞከር ነገር አይሠራም።

ቡናን በተመለከተ፦ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ለጥናት ብለሽ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አብሮሽ አለ።

ደግሞም ኢሲጂ ብቻውን አይበቃም። የደም ማነስና ከመጠን በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢ ይህንኑ ስሜት ያመጣሉና የሄሞግሎቢንና የታይሮይድ ምርመራ ጠይቂ። እነሱም ደህና ሆነው ከተደጋገመብሽ፣ ወይም እሱን በመፍራት ክፍል መቅረት ከጀመርሽ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ፤ በንግግርም በመድኃኒትም የሚታከም ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ወንድሙን በቀበረ በሳምንቱ ስኳር ተገኘበት። ድንጋጤ ስኳር ያስይዛል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ «ቆሽቴ አረረ» ስንል ኢንሱሊን የሚያመርተውን አካል መጥራታችን ይገርማል፤ ቆሽት ግን በሐዘን አያርም። በድንጋጤ ጊዜ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋሉ፤ ጤነኛ ቆሽት መልሶ ያወርደዋል፣ የደከመ ቆሽት ግን አይችልም። ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ የሚባለውን ምርመራ አሠሩለት፤ ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት አማካይ ያሳያል። በመጀመሪያው ሳምንት 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳሩ ከሐዘኑ በፊትም ነበረ ማለት ነው። ለቅሶ ላይ ያለ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ መድኃኒቱን ቤት ረስቶ ለቅሶ ቤት እንዳይሰነብት ልብ በሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ደም ግፊቷን ጤና ጣቢያ ስትለካ 158/94፣ ቤት ስንለካት 128/80። «ተጨንቃ ነው» ተባለ። መድኃኒት ትጀምር ወይስ አትጀምር?

መልስ፦ ነጭ ጋውን ሲታይ ግፊቱ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፤ ግን ቁጥሩን አምኖ ከመወሰን በፊት አለካኩ ይታይ። ዳገት ወጥታ እንደደረሰች ተለክታ ከሆነ ያ ንባብ የዳገቱ ነው። ሽንቷን ሸንታ፣ ቡና ከጠጣች 30 ደቂቃ አልፏት፣ ጀርባዋን አስደግፋ 5 ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ፤ እግሯን አታነባብር። ክንዷ በልቧ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ተንጠልጥሎ ከተለካ ቁጥሩ ይጨምራል። የመለኪያው ጨርቅ በቀሚስ ላይ አይታሰር፤ ለክንዷ ከጠበበም ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። እየተለካች አታውራ፤ አጠገቧ ያላችሁም አታናግሯት።

ለ7 ቀን ጠዋት 2፣ ማታ 2 ጊዜ በ1 ደቂቃ ልዩነት ለኩና ጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ጥላችሁ የቀረውን አማካይ አውጡ። የቤት ልኬት ወሰኑ 135/85 ነው እንጂ የጤና ጣቢያው 140/90 አይደለም። ከዚያ በታች ከሆነ ወረቀቱንም መሣሪያውንም ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሱ፤ መሣሪያው ከእነሱ ጋር ይመሳከር፣ መድኃኒቱንም ሐኪሙ ይወስን። ባትጀምርም በየጊዜው ትለካ፤ የዚህ ዓይነቱ ግፊት ከዓመታት በኋላ እውነተኛ ደም ግፊት ሊሆን ይችላል። 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የአንድ ወገን ሰውነት መስነፍ ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ግን የ7 ቀን መዝገብ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ትወሰድ።