የጎርፉ ሌሊት ትውስታችን ለምን ተለያየ?

ጥያቄ፦ ከታላቅ እህቴ ጋር እዚሁ ድሬዳዋ ስለ አእምሮና ስለ ማስታወስ የተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር ተከታትለን ነበር። ተናጋሪው ሰው ፈጽሞ አልረሳውም የሚለው ነገር እንኳ ሊዛባ እንደሚችል ሲያስረዱ፣ ሁለታችንም በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማችንን ያጥለቀለቀበትን ሌሊት አሰብን። እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ውሃው ግቢያችን ሲገባ እናታችን እጄን ይዛ ወደ ጎረቤት እንደወሰደችኝ ዛሬም በዓይኔ ይታየኛል፤ እህቴ ግን ጣሪያ ላይ ያወጣችኝ እርሷ እንደሆነች ትምላለች። እናታችን ዛሬ በሕይወት የሉም። አንዳችን እየዋሸን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማናችሁም እየዋሻችሁ ነው ብዬ አላምንም፤ ውሸታም የሚባለው እውነቱን እያወቀ ሌላ የሚናገር ነውና። እ.ኤ.አ. በ1977 ሮጀር ብራውንና ጄምስ ኩሊክ የተባሉ ተመራማሪዎች ድንገተኛና አስደንጋጭ ክስተት በአእምሮ ውስጥ እንደ ፎቶግራፍ ታትሞ ይቀራል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ይህን ሐሳብ ክፉኛ የፈተነው ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ በአሜሪካ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ያካሄዱት ጥናት ነው። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጥር 1986 በፈነዳች ማግስት፣ ተማሪዎች ወሬውን የት ሆነውና ከማን እንደሰሙ በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ አደረጉ፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላም ያንኑ ጥያቄ መልሰው ጠየቋቸው። ሩብ ያህሉ በዋና ዋና ነጥቦች ሁሉ ቀድሞ ከጻፉት የተለየ መልስ ሰጡ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ስለ ትክክለኛነታቸው ጥርጥር አልነበራቸውም። በገዛ እጃቸው የጻፉት ወረቀት ሲቀርብላቸው እንኳ የጠፋው ትውስታ አልተመለሰላቸውም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ በፍርድ ቤትም ሆነ በቤተሰብ መካከል የምስክርን ቃል የምንመዝነው በአብዛኛው በእርግጠኝነቱ ስለሆነ።

ማስታወስ ያለፈውን በየጊዜው እንደ አዲስ መገጣጠም ነው። የጎርፉ ነገር በቤታችሁ ቡና በተፈላ ቁጥር ሲነሣ፣ ራስዎ ያዩት፣ ከእህትዎ የሰሙትና ሕፃን አእምሮዎ በሐሳቡ የሣለው አንድ ላይ ይዋሐዳሉ፤ ነገሩ ራሱ ሳይረሳ፣ ከየት እንደተገኘ ግን ይረሳል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት ማስቀመጥ ይገባል። የኤሞሪ ተማሪዎች ወሬ የሰሙ ነበሩ፤ እናንተ ግን አደጋው ውስጥ ነበራችሁ። ፍርሃት የአንድን ክስተት እምብርት እንደሚያጸና በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ውሃው በሌሊት መጥቶ ከቤት እንዳስወጣችሁ የሚያስታውሱትን የሚጠራጠሩበት ምክንያት አይታየኝም። ይበልጥ የሚናወጠው ዙሪያው ነው፦ ማን እጅ ያዘ፣ የትኛው ቀደመ፣ የትኛው ተከተለ። ምናልባትም ሁለቱም ደርሶ፣ መጀመሪያ ወደ ጎረቤት፣ ቀጥሎም ወደ ጣሪያ ሄዳችሁ፣ እያንዳንዳችሁ አንዱን ክፍል ይዛችሁ ቀርታችሁ ይሆናል።

ለማጣራት ከፈለጋችሁ፣ እንደገና ከመነጋገራችሁ በፊት ለየብቻችሁ ጻፉ። ከዚያም የዚያን ጊዜ ጎረቤታችሁን ጠይቁ፤ ሲጠይቁም «እናታችን ወደ እናንተ አመጣችኝ አይደል?» አይበሉ፤ መልሱን በጥያቄው ውስጥ ያቀብሏቸዋልና። «ያን ሌሊት ምን ያስታውሳሉ?» ብለው እስኪጨርሱ ያዳምጧቸው።