እንባዬ እየወረደ ዓይንሽ ደርቋል ተባልኩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ48 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዳማ ውስጥ በሒሳብ ሥራ ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው የምውለው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይኖቼን ይለበልበኛል፤ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ከሰዓት በኋላ ጽሑፉ ይደበዝዝብኝና ጨፈን ገለጥ ሳደርግ ይጠራልኛል። ነፋስ ሲመታኝ ደግሞ እንባዬ ይወርዳል። መድኃኒት ቤት የሰጡኝን ጠብታ (ብልቃጡ ላይ «ዴክሳሜታዞን» ይላል) ሳደርግ ቅላቱ ቶሎ ይጠፋል፤ ሳቆም ይመለሳል። ባለቀ ቁጥር እየገዛሁ ዓመት አልፎኛል። በቅርቡ አንድ ባለሙያ «የዓይን ድርቀት ነው» አለኝ። እንባዬ እየፈሰሰ እንዴት ደረቀ ይባላል? ይድናልስ? ለአለርጂ ማታ ማታ ክኒን እወስዳለሁ። የ9 ዓመት ልጄም ዓይኑን ሲያሽ ይውላል፤ የእኔኑ ጠብታ ላድርግለት?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ድርቀቱ ከመናገሬ በፊት ስለ ጠብታው ልንገርዎት፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ዓይን በምንም ምክንያት ይቆጣ፣ ስቴሮይድ ቁጣውን ያበርደዋል፤ ስለዚህ ቅላቱ ይጠፋል፣ ሰውም ተሻለኝ ይላል። ምክንያቱ ግን እዚያው ነው። በወራት አጠቃቀም ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የዓይንን ውስጣዊ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ይህ ግፊት ብዙውን ጊዜ አያምም፣ አያቀላም፣ መጀመሪያ ላይ እይታን አይቀንስም። ቀስ እያለ ግን ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይገድላል፤ ግላኮማ የምንለው ይህንን ነው። ስቴሮይድ የዓይን ሞራም ያመጣል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ የሞተ ነርቭ ግን በምንም አይመለስም። ከዚህ በተጨማሪ ዓይን ጀርምን የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም ብሌን ላይ የሚወጣ ቁስል ሊባባስ ይችላል።

መድኃኒቱ ክፉ ሆኖ አይደለም። እኛ የዓይን ሐኪሞችም ለከበደ የዓይን ድርቀት ስቴሮይድ እናዛለን፤ ግን ለጥቂት ሳምንታት፣ ግፊቱን እየለካን ነው። ያለ ማዘዣ ዓመት ሙሉ መጠቀም ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ብልቃጥ አይግዙ። በዚህ ሳምንት ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ፤ ብልቃጡን ይዘው፣ ለስንት ጊዜ እንደተጠቀሙ ሳይደብቁ ይናገሩ። ግፊቱን መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ አያምም። ነርቩም ይታይልዎት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። እንባ ውኃ ብቻ አይደለም። ዓይንን የሚሸፍነው ስስ የእንባ ሽፋን ከብሌኑ ጋር የሚያጣብቀው ንፍጥ መሰል ነገር፣ ውኃ፣ ከላይ ደግሞ ውኃው እንዳይተን የሚከልል ቅባት አለው። ቅባቱን የሚሠሩት በዐይን ቆቦች ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር በስተኋላ የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው። ቅባቱ ሲያንስ ወይም ሲበላሽ ውኃው ቶሎ ይተንና ብሌኑ ይራቆታል። ብሌን በነርቭ የተሞላ ስለሆነ ይቆጣል፤ ያኔ አንጎል ትልቁን የእንባ ዕጢ ያዝዝና ውኃ በአንዴ ይለቀቃል። ይህ ድንገተኛ እንባ ቅባት ስለሌለው ዓይን ላይ አይቆይም፣ ጉንጭ ላይ ይወርዳል። የእርስዎ ዓይን የሚያነባው ስለደረቀ ነው። ጽሑፉ ደብዝዞ ጨፈን ገለጥ ሲያደርጉ መጥራቱም ሽፋኑ ቶሎ ቶሎ እንደሚበጣጠስ ይጠቁማል።

ሳላይዎት በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ሆኖም ደብዳቤዎ ውስጥ ለድርቀት የሚዳርጉ ነገሮች ተደራርበው አያለሁ። ሰው በተለምዶ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ዓይኑን ያርገበግባል፤ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ ግን ይህ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፣ የሚያርገበግበውም ሙሉ በሙሉ ሳይከደን ነው። ቅባቱ ከዕጢዎቹ የሚወጣው ደግሞ ቆቦቹ ሲገጣጠሙ ነው። ዕድሜዎ የወር አበባ የሚቋረጥበት አካባቢ ነው፤ የሆርሞን ለውጡ እንባንም ቅባትንም ይነካል። የአለርጂ ክኒንም አፍን እንደሚያደርቅ ሁሉ ዓይንን ያደርቃል፤ በሌላ መቀየር ይቻል እንደሆነ ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ። የአዳማን ነፋስና አቧራ መቼም አልነግርዎትም። ቢሮዎ ውስጥ ፊትዎ ላይ የሚነፍስ ቬንትሌተር ካለ ግን ዛሬውኑ አቅጣጫውን ያዙሩት።

ሁለት ነገሮችን ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ። አንደኛው፣ በልጅነትዎ ገጠር አድገው ዓይንዎን ደጋግሞ አሞዎት እንደሆነ ነው። ሀገራችን በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው አገሮች ግንባር ቀደም ናት፤ ማዝ ብለን የምናውቀው ይህ በሽታ በቆቡ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚተወው ጠባሳ ከዓመታት በኋላ ዓይንን ያደርቃል፣ ሽፋሽፍቱንም ወደ ውስጥ ቀልብሶ ብሌን እንዲፍቅ ያደርጋል። ሐኪሙ ቆቡን ገልብጦ ይመልከት። ሁለተኛው፣ አፍዎ ደርቆ እንጀራ ያለ ውኃ አልወርድ የሚልዎት ወይም መገጣጠሚያዎን የሚያምዎት ከሆነ ነው። የሰውነት መከላከያ የእንባንና የምራቅን ዕጢዎች የሚያጠቃበት ሾግረን የተባለ በሽታ አለ፤ በእርስዎ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ ይበዛል፣ የደም ምርመራም ይፈልጋል።

ምርመራው ቀላል ነው። ቢጫ ቀለም ዓይን ውስጥ ተደርጎ ሽፋኑ በስንት ሰከንድ እንደሚበጣጠስ ይታያል፤ ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ ችግር አለ ማለት ነው። የታችኛው ቆብ ላይ ለ5 ደቂቃ ቀጭን ወረቀት ሰክቶ የራሰውን ርዝመት መለካትም አለ፤ 5 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የእንባው ውኃ በጣም አንሷል።

ይድናል ወይ? እውነቱን ልንገርዎት፤ ብዙውን ጊዜ ተነቅሎ የሚጠፋ በሽታ አይደለም፣ እንደ ደም ግፊት በየቀኑ እየተያዘ የሚኖር ነው። በደንብ ሲያዝ ግን ሥራዎን ሳያጓድሉ፣ ሳይቆረቁርዎት መኖር ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚናደድበት ሕክምናው ዝግ ያለ በመሆኑ ነው፤ ስቴሮይዱ በአንድ ቀን ያሳየዎትን ለውጥ ከዚህ አይጠብቁ።

የመጀመሪያው ሥራ ዕጢዎቹን መክፈት ነው፤ ሰዎች ቶሎ የሚተዉት ይህን ነው፣ እኔ ደግሞ አጥብቄ የምለምነው ይህንኑ ነው። ጤነኛ ዕጢ የሚያወጣው ቅባት እንደ ዘይት ይፈሳል፤ የተዘጋ ዕጢ ውስጥ ያለው ግን እንደ ረጋ ቅቤ ነው፣ ካልሞቀ አይወጣም። ንጹሕ ፎጣ በሞቀ ውኃ ነክረው ይጭመቁና በተጨፈኑ ዓይኖችዎ ላይ ያድርጉ። ሙቀቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ክንድዎ ላይ ሲሞክሩት ደስ የሚል እንጂ የሚያቃጥል መሆን የለበትም። ፎጣው በሁለት ደቂቃ ስለሚቀዘቅዝ ደጋግመው እየነከሩ እስከ 10 ደቂቃ ይቆዩ። ወዲያው በታጠበ ጣት የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ ቀስ አድርገው ይሹ፤ የዓይኑን ኳስ አይጫኑ። ጠርዙን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ጠዋትና ማታ ቢያደርጉት ለውጡ በሳምንታት ውስጥ ይታያል። ኩል የሚኳሉ ከሆነ ከሽፋሽፍቱ ውጪ ይሁን፤ ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ሲሆን የዕጢዎቹን አፍ ይደፍናል።

ከዚያ ሰው ሠራሽ እንባ። መድኃኒት ቤት ሲሄዱ «ለቅላት የሚሆን» አይበሉ፤ ቅላት የሚያጠፉት ጠብታዎች የደም ሥርን ያጠብባሉ፤ ሲለቁ ግን ቅላቱ ብሶ ይመለሳል። ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ፣ ሃይፕሮሜሎስ ወይም ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለውን ይጠይቁ። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያደርጉ ከሆነ ያለ ማቆያ ኬሚካል የተሠራውን ቢያገኙ ይሻላል፤ ብዙ ጠብታ ውስጥ ያለው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለ ማቆያ ሲበዛ ራሱ ዓይንን ያስቆጣል። ዓይንዎ እስኪያቃጥል አይጠብቁ፤ ሥራ ሲጀምሩና በየሰዓታቱ ያድርጉ። ኮምፒውተሩ ከዓይንዎ ትይዩ ዝቅ ይበል፤ ወደ ታች ሲያዩ ቆቡ የዓይኑን ሰፊ ክፍል ይሸፍንልዎታል። በየ20 ደቂቃው ከገጹ ላይ ዓይንዎን አንሥተው ሙሉ በሙሉ ጨፈን፣ ገለጥ ያድርጉ።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ሐኪሙ የዐይን ቆቡን የሚያክም ዶክሲሳይክሊን ክኒን፣ ሳይክሎስፖሪን የተባለ ጠብታ፣ ወይም እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበትን ቀዳዳ የሚዘጋ ትንሽ መወተፊያ ሊመርጥ ይችላል። ሳይክሎስፖሪን ለውጥ የሚያሳየው ከወራት በኋላ ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት አልሠራም ብለው አይጣሉት። የዓሣ ዘይት ክኒን ግዙ ቢሉዎት ገንዘብዎን ይያዙ፤ በ2018 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት ለማነጻጸሪያ ከተሰጠው የወይራ ዘይት የተሻለ ጥቅም አላገኘበትም። የጡት ወተትም የቅጠል ጭማቂም ዓይን ውስጥ አይግባ።

እይታዎ በድንገት ከቀነሰ፣ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ፣ ብርሃን ዓይንዎን እየወጋ መግለጥ ካቃተዎ ወይም ብሌንዎ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኑ ቀን ይሂዱ።

ልጅዎን በተመለከተ፦ በፍጹም አያድርጉለት። በዚህ ዕድሜ ዓይኑን ሲያሽ የሚውል ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የያዘው የዓይን አለርጂ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ስቴሮይድ ያልሆነ ጠብታ አለ። ስቴሮይድ በልጆች ዓይን ላይ ግፊቱን ፈጥኖ ሊያሳድገው ይችላል፤ ልጅ ደግሞ እይታዬ እየጠበበ ነው ብሎ አይነግርዎትም። ከዚህ በፊት ከእርስዎ ብልቃጥ አድርገውለት ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩና የእሱም ግፊት ይለካ። እስከዚያው እንዳያሽ ይከልክሉት፤ ሲያሳክከው በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተጨፈኑ ዓይኖቹ ላይ ያድርጉለት። ለራስዎ ቀጠሮ ሲይዙ የእሱንም ስም አብረው ያስመዝግቡ።