ልጆች ይዘህ ስፕሪንት ካር ለማየት ለምትሄደው ወንድሜ

ወንድሜ፣ "የሥራ ባልደረባዬ ዓርብ ማታ ፔንሲልቬንያ፣ ዊሊያምስ ግሮቭ፣ የስፕሪንት ካር ውድድር እንድናይ ጋብዞኛል፤ ልጆቼን ይዤ ብሄድ ምን ልወቅ?" ላልከው ልመልስልህ። ስፕሪንት ካር ማለት ከላይ ክንፍ ያላት፣ አፈር ሜዳ ላይ የምትወዳደር ትንሽ መኪና ናት። እኔም ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ እየነዳሁ ነው የምሄደው። አራት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያ ቀን ግን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ተቃጥያለሁ።

1. ለልጆቹ ጆሮ የሚሸፍን መከላከያ ግዛ። "ያን ያህል ነው እንዴ?" እንዳትል። ሞተሩ 410 ኪዩቢክ ኢንች ነው። በሜታኖል ይሠራል፤ 900 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። መኪናዋ ደግሞ ከነሾፌሯ 1,400 ፓውንድ ገደማ ናት። ሃያ ምናምኑ አንድ ላይ ሲነሱ ድምፁን የምትሰማው በደረትህ ነው።

2. ቲኬትህን አትጣል! እኔ የጣልኩት ሌላ ሜዳ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ያኔ ስድስት ዓመቷ የነበረችው ልጄ፣ መኪኖቹ ገና ለማሟሟቂያ ሲዞሩ ጆሮዋን ይዛ አለቀሰች። የወንድሟ ሄድፎን መኪና ውስጥ ስለነበር ይዣት ወጣሁ። ስመለስ በር ላይ ያለችው ሴትዮ "ቲኬት" አለችኝ። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ባለቤቴና ወንዱ ልጄ ውስጥ እንዳሉ፣ አሁን በዚሁ በር እንደወጣሁ ነገርኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "ወይ ግዛ፣ ወይ ሂድ።" ኃላፊ ጥሪልኝ ብላት "ሥራ ላይ ነው" አለች። ሰው ተሰልፎ እያየን፣ ልጄ እያለቀሰች፣ ለሁለታችንም ደግሜ ከፈልኩ። ገንዘቡ አይደለም ያንገበገበኝ። ልጅ ያቀፈ ሰው እንዲህ አይመለስም።

ስገባ ሂት የሚሏቸው አጫጭር ዙሮች አልቀዋል። በሂት ያላለፈው ቢ ሜን የሚሉት የሁለተኛ ዕድል ውድድር ይገባል፤ ፊቸር የሚሉት ዋናው ውድድር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ተናድጄ ወደ ቤት ልንሄድ ነበር። ወንዱ ልጄ ለመነኝና ቀረን። እንኳን ቀረን!

መኪኖቹ ማስነሻ ሞተር የላቸውም። አገር ቤት ባትሪው የሞተ ታክሲ እንደሚገፋው፣ ሌላ መኪና ከኋላ እየገፋ ነው የሚያስነሳቸው። ሲዞሩ ደግሞ የፊት ጎማው ወደ ቀኝ ዞሮ መኪናዋ ወደ ግራ ትሄዳለች፤ በጎኗ እየተንሸራተተች። የኋላ ቀኝ ጎማ ከግራው ስለሚተልቅ ራሷ ወደ ግራ ትስባለች። ከላይ ያለው ክንፍ አምስት በአምስት ጫማ ነው፤ ነፋሱን ይዞ መሬት ላይ ይጫናታል።

አሁን አፈሩን አይቼ ውድድሩን እገምታለሁ። ማታ ሲጀመር እርጥብ ነው፤ ጎማ ይይዛል። እየደረቀ ሲያብረቀርቅ ግን ነዳጅ በብዛት የሚረግጥ ሳይሆን በልኩ የሚረግጥ ያሸንፋል። ልጄ እንዲያውም ይበልጠኛል። ውጪው ዳር የተከመረውን አፈር፣ ኩሽን የሚሉትን፣ ማን ደፍሮ እንደሚጠጋው ቀድሞ ይነግረኛል።

አዎ፣ መቀመጫ! ከላይ ያዙ። ታች፣ መታጠፊያው አጠገብ፣ የጭቃ ጓል ፊታችሁ ላይ ይመጣል።

ዓርብ እኛም እንሄዳለን። ትርፍ የልጆች ሄድፎን አለኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ በር ላይ እሰጥሃለሁ።