መልስ፦ «ዘ ዌይ»ን ተቺዎች እንዴት አዩት?

ፒያሳ ላለው የፊልም ክበባችሁ ይሆን እንደሆነ ለጠየቅከው፦ ይሆናል። ኤሚሊዮ ኢስቴቬዝ ጽፎ ያዘጋጀው፣ አባቱ ማርቲን ሺን ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወትበት ይህ ፊልም (2010 እ.ኤ.አ.) በጥቅሉ በጎ አቀባበል ነው ያገኘው። በብዛት የተመሰገነው የሺን ቁጥብ ትወና ነው፤ የልጁን አመድ ተሸክሞ ስፔን ውስጥ ወዳለችው የመንፈሳዊ ጉዞ ከተማ ወደ ሳንቲያጎ በእግሩ የሚጓዝ አባት ሐዘኑን ከንግግሩ ይልቅ በአረማመዱ ያሳያል። ነቀፌታው ያረፈው አብረውት በሚጓዙት ላይ ነው፦ ሆዳሙ ሆላንዳዊ፣ ሲጋራ የማትተው ካናዳዊት፣ ለፍላፊው አየርላንዳዊ ደራሲ፤ ሦስቱም በአንድ አንድ ጠባይ ብቻ የተሳሉ ናቸው። ተቺዎቹ እውነት አላቸው። ዘፈኖቹም አልቅሱ አልቅሱ ይላሉ። «የቤተሰብ ሥራ ስለሆነ ተቺዎች አዘኑለት» የሚለውን አስተያየት ግን አልቀበልም። ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚሄድ ከ11 ሰዓት ሳያልፍ ጀምሩ፤ አለዚያ ውይይቱን የታክሲ ሰልፍ ይበላዋል።