«ተቃውሞ የለንም» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሕግ ተምራችሁ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስትቀጠሩ አንድ ቀን ረቂቅ አዋጅ ጠረጴዛችሁ ላይ ይቀመጣል። ሸኚው ደብዳቤ «አስተያየት እንድትሰጡበት» ይላል፤ የተሰጠው ቀን ሁልጊዜ አጭር ነው። በወጣትነቴ የወንጀል ቅጣት የሚያከብድ ረቂቅ ደርሶኝ ሁለት መስመር ጻፍኩ፦ «ረቂቁን ተመልክተነዋል። በእኛ በኩል ተቃውሞ የለንም።» ሳላነብ የጻፍኩት እንዳይመስላችሁ። አንብቤ አንዱ አንቀጽ ከንክኖኝ ነበር፤ ነገር ግን አለቃዬ ምን መስማት እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። ማኅተም ተመታበትና ሄደ።

ያ ደብዳቤ ትዝ ያለኝ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ የአሜሪካንን የኮኬይን ሕግ ሳነብ ነው። ኮንግረሱ በ1986 (ዓመቶቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው) በጥድፊያ ባወጣው ሕግ 5 ግራም ክራክ (የሚጨስ የኮኬይን ዓይነት) የሸጠ ቢያንስ 5 ዓመት ይታሰር ነበር። ዱቄት ኮኬይን የሸጠው እዚያው ቅጣት ላይ የሚደርሰው በ500 ግራም ነው። ክራክ ደግሞ የሚሠራው ከዚያው ዱቄት ነው! አሜሪካ የምትኖር የእህቴ ልጅ አንዲት የአምስት ሳንቲም ሰጥታኛለች፤ ክብደቷ ልክ 5 ግራም ነው። መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት መኖሯ እንኳ አይታወቀኝም።

የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን የቅጣት መመሪያ የሚያወጣ ኮሚሽን አላቸው። ጉዳዩን እንዲያጠና ያዘዘው ራሱ ኮንግረሱ ነው። ኮሚሽኑ በ1995፣ በ4 ለ 3 ድምፅ፣ ልዩነቱ ይነሣ አለ። ኮንግረሱ ውድቅ አደረገው፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተንም ፈረሙ። እስከዚያ ቀን የኮሚሽኑ የመመሪያ ማሻሻያ ውድቅ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ «እኔ ተናግሬያለሁ» ብለን እንቀመጣለን። የኮሚሽኑ ሰዎች ግን በ1997፣ በ2002 እና በ2007 ሪፖርት ይዘው ተመለሱ። የማደንቀው ግትርነታቸውን አይደለም፤ ሕጉ የቆመበትን መሠረት አንድ በአንድ መፈተናቸውን ነው። ሕጉን ካስቸኮሉት ፍርሃቶች አንዱ ክራክ በፅንስ ላይ ያደርሳል የተባለው ጉዳት ነበር፤ ጉዳቱ ከዱቄቱ እንደማይለይ አሳዩ። ትልልቅ አከፋፋዮችን ይይዛል የተባለው ሕግ የመንገድ ቸርቻሪዎችን ሲያስር መዋሉን፣ ከታሳሪዎቹም አብዛኞቹ ጥቁሮች መሆናቸውን በቁጥር አስቀመጡ። «እኩል ይሁን» የሚለው እንደማያልፍ ሲያዩ ሊያልፍ የሚችል ቁጥር አቀረቡ።

በ2010 ሕጉ ተሻሽሎ 5 ግራሙ 28 ሆነ፤ 100 ለ 1 የነበረው 18 ለ 1። ለምን 18? የድርድር ቁጥር ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልጉለት። ቀድሞ የተፈረደባቸው የ2010ሩ ማሻሻያ እንዲደርሳቸው ማመልከት የቻሉት በ2018 በወጣ ሌላ ሕግ ነው። ከ1995 እስከ 2010 ባለው 15 ዓመት፣ 5 ዓመት የተፈረደበት ሰው ሦስት ጊዜ ገብቶ ይወጣል።

ስለዚህ ረቂቁ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ሐተታ ዘምክንያቱን፣ ማለትም ረቂቁ ለምን እንደተዘጋጀ የሚያስረዳውን ጽሑፍ፣ ፈልጉ። ግራም፣ ዓመት ወይም ብር የተጻፈበት አንቀጽ ላይ ስትደርሱ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ሐተታው ዝም ካለ ዝም ማለቱን ጻፉ። ይሻላል የምትሉትን አንቀጽ ራሳችሁ አርቅቃችሁ አያይዙ፤ ባዶ ተቃውሞ ተመልሶ የሚያነሣው የለም። ቅጂውን አስቀሩ። ቀኑ ካጠራችሁም ይጨመርልን ብላችሁ ጠይቁ። እኔ እሱን እንኳ አልጠየቅኩም።