በጋለ ሽቦ ላይ ስለሚፈላ ውሃና ስለ አረፋዎቹ፦ ጥያቄና መልስ

በኮምቦልቻ የሙቀት ሽግግርን ሳስተምር፣ ውሃ ውስጥ የገባ ቀጭን ሽቦ በኤሌክትሪክ ሲግል በቤተ ሙከራ ካየሁት በመነሳት፣ ከወሎ ከተሞች ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልስ እሰጣለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ውሃው ገና ሳይፈላ ማሞቂያው ላይ የሚታዩት ጥቃቅን አረፋዎች እንፋሎት ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ነው። የእንፋሎት አረፋ የሚወለደው የሽቦው ገጽ ከመፍያው ነጥብ በጥቂት ዲግሪዎች ሲበልጥ ነው። በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ስሌትዎን ከ100 አይጀምሩ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ አረፋው ለምን ከአንድ ቦታ ደጋግሞ ይወጣል?

መልስ፦ ሽቦው ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም ጥቃቅን ጭረቶች አሉበት፤ በውስጣቸው የቀረች ትንሽ እንፋሎት ለሚቀጥለው አረፋ መነሻ ትሆናለች። የውሃው የገጽ ውጥረት አረፋውን ከሽቦው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ሲያይልበት ይላቀቃል፤ በቦታውም ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይገባል። ከሽቦው ሥር የተፈጠረ አረፋ ዙሪያውን ተንሸራትቶ ከአናቱ ሲላቀቅ በአጉሊ መነጽር ማየት፣ ለተማሪ ከቀመር ይበልጥ ያስተምራል።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ኃይሉን ቀስ በቀስ ስጨምር ሽቦው በድንገት ቀልቶ ተበጠሰ። ሽቦው ጥራት ስለሌለው ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። አረፋዎቹ ሲበዙ እርስ በርስ ተያይዘው ሽቦውን በእንፋሎት ንጣፍ ይሸፍኑታል፤ እንፋሎት ደግሞ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከውሃ እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ኤሌክትሪኩ ያለማቋረጥ የሚያመነጨው ሙቀት መውጫ አጥቶ የሽቦውን ሙቀት በቅጽበት በብዙ መቶ ዲግሪ ያሳድገዋል። ጃፓናዊው ሺሮ ኑኪያማ ይህን በ1934 እ.ኤ.አ. በሙከራ አሳይቷል፤ የኒክሮም (የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ) ሽቦው ሲቀልጥበት፣ በከፍተኛ ሙቀት በሚቀልጠው ፕላቲነም ተክቶ፣ ንጣፉ ከሚፈጠርበት የሙቀት ፍሰት ወሰን ማዶ ያለውን ለካ። ወሰኑ ለውሃ፣ በባሕር ወለል ግፊት፣ በካሬ ሜትር 1 ሚሊዮን ዋት ገደማ ሲሆን በእኛ ከፍታ በመጠኑ ዝቅ ይላል።

እኔም ሽቦ ያቃጠልኩበት ቀን አለ፤ ከመቅላቱ በፊት አረፋዎቹ አንድ በአንድ መታየታቸው ቀርቶ እንደ ጭስ ዐምድ ተያይዘው ይወጡ ነበር። ይህን ሲያዩ ወዲያው ኃይሉን ይቀንሱ፤ ንጣፉ አንዴ ከተፈጠረ በጥቂቱ በመቀነስ አይፈርስም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እጅግ በጋለ ምጣድ ላይ የተረጨ ውሃ ሳይተን የሚንከባለለውስ?

መልስ፦ ምክንያቱ ያው ነው፤ ጠብታዋ በገዛ እንፋሎቷ ላይ ትንሳፈፋለች። ምጣዱ በረድ ሲል ንጣፉ ይጠፋና ውሃዋ ምጣዱን ነክታ ቸስ ትላለች።